ጢም ያላበቀሉ ሽማግሌዎች

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አሶሳ ሄጄ ነበር። ልጄ እዚያ ሥራ ተመድባ «አባዬ፣ መጥተህ ካላየህልኝ ቤቴን ቤት አልለውም» ብትለኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። እሷ ቢሮ ስትውል እኔ ከተማውን እዞራለሁ። አንድ ቀን ጸጉሬን ልስተካከል ብዬ አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት ገባሁ። አስተካካዩ ለጋ ወጣት ነው። ጭንቅላቴን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሲመረምር ቆየና «ጋሼ፣ ሽበቱን ቀለም ላስነካው? ልጅ ነው የሚያደርግዎት» አለኝ። ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ቀደመኝና «ተዋቸው እንጂ! የሽማግሌ ጌጡ ሽበቱ አይደለም እንዴ?» አለ። ሳቄ መጣ። ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበር ልጁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «ምነው ጋሼ?» «አይ፣ ሽማግሌ ስባል ዛሬ የመጀመሪያዬ አይደለም» አልኩት። «እዚሁ ከተማ ሽማግሌ ነበርኩ። ያኔ ግን ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀልኩም።» በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሲተያዩ አየኋቸው። ሰውየው ጃጅቷል ያሉ ይመስለኛል፣ አልፈርድባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት እንዳለፈኝ ሰው «ሞርሞን» የሚላትን ቤተ ክርስቲያን ተቀላቀልኩ። እናቴ መጀመሪያ አኮረፈችኝ፣ ቀጥላ ለየጎረቤቱ አለቀሰችብኝ፣ በመጨረሻ ደግሞ «ከመጠጥና ከሲጋራ ካራቀው እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ራሷን አጽናናች። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ከቤታቸው ርቀው፣ ያለ ደመወዝ፣ ሚስዮናዊ ሆነው ይላካሉ። አብዛኛው የሚላከው ወደ ውጭ አገር ስለሆነ እኔም ልቤ የቆመው ለዚያ ነበር። ባሕር ማዶ ስመኝ ከዲዴሳ ወንዝ ማዶ፣ አሶሳ ደረሰኝ። ወንድ ሚስዮናዊ ሁሉ ደግሞ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ መጠሪያው «ሽማግሌ» ነው። በፈረንጆቹ ቋንቋ እንዴት እንደሚሰማ እንጃ፤ በአማርኛ ግን ትንሽ ጥቁር የስም ሰሌዳ ላይ በነጭ ተጽፎ የልጅ እግር ደረት ላይ ሲሰካ ከተማ ያስቃል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰሌዳዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ «የምን ሽማግሌ? የአገር ሽማግሌ ነህ? በማን ተመረጥክ?» ብሎ አፋጦኛል። የሰፈር ልጆች ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያዩን «ሽማግሌ! ከዘራህ የታል?» ይሉናል።

ሕጋችን ሁለት ሁለት ሆኖ መኖር ነው፤ አንዱ ያለ አንዱ ከደጅ አይወጣም። የእኔ ጓደኛ ሽማግሌ ፎኑአ ይባላል። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጠይም፣ ሲስቅ ቤት የሚያናውጥ ልጅ ነበር። አገሩ ቶንጋ ናት፤ በትልቁ ውቅያኖስ መሃል ያለች የደሴቶች አገር። ችግሩ፣ በዚያው በክልሉ ውስጥ፣ ከአሶሳ ወደ ደቡብ ሲሄዱ፣ ቶንጎ የምትባል ከተማ አለች። ፎኑአ «ከቶንጋ ነኝ» ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚሰማው ቶንጎን ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «የቶንጎ ልጅ ሆነህ እንዴት አማርኛ እንዲህ ጠፋህ?» ብላ ወቅሳዋለች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ «ቶንጎ እኔ የማላውቀው ሰው የለም፣ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ያዘው። ፎኑአ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «በአውሮፕላን ሁለት ቀን ነው» ቢለው ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «መንገዱ መቼ እንዲህ ተበላሸ?» አለኝ። በኋላ በኋላ ፎኑአ ማስረዳቱን ትቶ የቶንጎ ልጅ ሆኖ አረፈው።

የተከራየነው ሼህ ኸሊፋ ግቢ ነበር፤ ማንጎ የበዛበት፣ ከዋናው ገበያ ጀርባ ያለ ግቢ። ሼህ ኸሊፋ የአገሬው ተወላጅ፣ በርታ ናቸው። ጨውና ሳሙና፣ ጋዝና ክር የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። አማርኛውን ያወቁት ከገበያተኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም፣ ሚስታቸውንም «እሱ» ነው የሚሏት፣ ሚስታቸውም ለምዳዋለች። እኛ ጎህ ሲቀድ ተነስተን መጽሐፋችንን እናነባለን፣ ተንበርክከን እንጸልያለን፣ ከዚያ ነጭ ሸሚዛችንን ለብሰን ከረባታችንን አስረን ብስክሌት ላይ እንወጣለን። ያንን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጭ ሸሚዝና የአሶሳ ክረምት አብረው እንዲኖሩ የተፈጠሩ አይደሉም። ሰኞ ሰኞ ልብስ እናጥባለን፣ በከሰል ካውያ እንተኩሳለን። ሰልቫጅ ሱሪ ያን ጊዜ በርካሽ ይገኝ ነበር፤ ከሱዳን በኩል የሚገባው ጨርቅ ደግሞ የማያልቅ ነው ተብሎ ይወደሳል። በማንጎ ወቅት አንዲት ዘንቢል በሃምሳ ሳንቲም ሞልታ ትመጣለች። እንዲያውም ከግቢያችን የሚረግፈውን የሚበላ ጠፍቶ ፍየል ይጠግበው ነበር። አሁን ልጄ አንድ ኪሎ ማንጎ የገዛችበትን ዋጋ ስትነግረኝ «ከግቢው ነው ከወርቅ ቤት?» አልኳት።

ዘፈን አይፈቀድልንም ነበር፤ መዝሙር ብቻ። ነገር ግን ማን ጆሮውን ይደፍናል? ከአውቶቡስ ተራው ማዕዘን ካለችው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ የሱዳን ካሴት ይንቆረቆራል፤ ያ ኡድ የሚሉት ክራራቸው፣ ያ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ድምፅ። እስከ ዛሬ የትም ስሰማው አፍንጫዬን የእርጥብ አፈር ሽታ ይሞላዋል። ፎኑአ ልብስ ሲያጥብ በአገሩ ቋንቋ መዝሙር ይዘምራል፣ እውነት ለመናገር ድምፁ የመላእክት ነበር። ሼህ ኸሊፋ ከሱቃቸው ብቅ ብለው «ወላሂ፣ ይሄ ድምፅ ለአዛን ነበር! በከንቱ ጠፋ» ይሉታል። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረን። እምነታችን ቡናና ሻይ አያስጠጣንም። እሳቸው ደግሞ ማታ ማታ በብርጭቆ ቀይ ነገር ይዘው ይመጡና «ሻይ ጠጣ» ይሉናል። እኛም በትሕትና እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን እምቢ እንላለን። ውሎ አድሮ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። አንድ ቀን ፎኑአ ሚስታቸው ሰሌን ላይ ቀይ አበባ ስታደርቅ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ለካ ስንሸሸው የከረምነው ያ ነው፤ ከርከዴ፣ የተቀቀለ አበባ፣ የሻይ ቅጠል በዞረበት ያልዞረ። ሼህ ኸሊፋ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ! እኔ መቼ ሻይ አልኩ? ከርከዴ ሻይ አልኩ!» አሉ። ያን ማታ የብዙ ቀኑን ዕዳችንን ጠጣን። ከመጽሐፍ ካጠናሁት ይልቅ ያቺ ነገር ጠቅማኛለች። ሰው የሚሰጠኝን እምቢ ከማለቴ በፊት ምን እንደሆነ መጠየቅ የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ምን እንሠራ ነበር? ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ የባልቴት ማሳ እናርማለን፣ ሽንት ቤት እንቆፍራለን፣ ሊሰማን ለወደደ ደግሞ እምነታችንን እንናገራለን። እሑድ ክፍላችን ውስጥ ተሰብስበን እንዘምራለን፤ ከእኛ ሌላ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ዝናብ ከጣለ ጭራሽ የለም። ፊት ለፊት ልናገርና፣ አሶሳ ውስጥ ያጠመቅነው ሰው የለም። ያን ጊዜ ያ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። ሌሎቹ ሚስዮናዊዎች ከያሉበት ስለ ፍሬያቸው ሲያወሩ እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝም አይነቅዝም። አሁን ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እነዚያን ወራት ከየትኛውም የሕይወቴ ዘመን ጋር አልለውጣቸውም። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ በይመር ምክንያት ነው።

ይመር ከአውቶቡስ ተራ ዝቅ ብሎ፣ ትልቅ ማንጎ ሥር፣ ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ልጅ ነበር። ዕድሜው የእኛው ነው። በዚያ በክፉ የርሃብ ዘመን ከወሎ በመኪና ተጭነው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ነው። አባትና እናቱ እዚያው አገራቸው ላይ ቀርተዋል። እሱን ትንሽ ልጅ ሆኖ ያመጣችው የአባቱ እህት ነበረች፤ እሷንም የመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ያሳደገው ሰፈርተኛው ሁሉ ነው፤ ዛሬ እዚህ ቤት በልቶ ነገ እዚያ ቤት ያድራል። የእኛ ብስክሌቶች ጎማ በየቀኑ ስለሚተነፍስ ከእሱ ዘንድ አንጠፋም ነበር። የጎማውን ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ ፎኑአ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ይሰብከዋል።

ፎኑአ ከትምህርቶቻችን ሁሉ የሚወደው ስለ ቤተሰብ የሚያወራውን ነው። ሞት ቤተሰብን አይለያይም፣ አባቶቻችንን በስማቸው ልናውቃቸውና ልናስባቸው ይገባል የሚለውን። ለእሱ ይህ ከመጽሐፍ የመጣ ብቻ አልነበረም። አያቱ ገና በሕፃንነቱ የዘሩን ስም አስይዛዋለች። ጉልበቱን እየመታ፣ ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን እንዲሁ ቆጥሮ ሲጨርስ ይመር እጁን ከውሃው ሳያወጣ ቀና አለ። «ታዲያ እኔ ከነማን ጋር ልሆን ነው?» አለ። «አባቴ እንድሪስ፣ አያቴ አራጌ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። እዚያ ስደርስ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ምን ብዬ ልጥራቸው?» እኔ የተማርኩት መልስ ነበረኝ፣ አፌንም ከፍቼ ነበር። ፎኑአ እጄን ያዘኝ።

ይመርን የሚያብከነክነው ግን የወዲያኛው ዓለም ብቻ አልነበረም። እታገኝ የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች፤ እንግሊዝኛ ልትማር እኛ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ወደ ይመር ማንጎ ነበር። አባቷ አቶ አበጋዝ ሰሊጥና በቆሎ ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም ከወሎ፣ ያውም ይመር ከመጣበት ከዚያው ወረዳ የመጡ። ቆፍጣና ሰው ናቸው። «ሰባት ቤቱን ያልቆጠረ ለልጄ አይጠይቅ» ብለው ቆርጠዋል። ክፋት አልነበረም። ሰፈራው እንደተጀመረ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ዘር ሳይቆጠር ተጋብተው፣ ልጅ ከወለዱ በኋላ ከወሎ የመጣ ዘመድ የአጎትና የአክስት ልጆች መሆናቸውን ተናገረ። ቤቱ ፈረሰ፣ ሁለቱም በሐፍረት አገር ለቀቁ። ያንን ጋብቻ መርቀው ያጋቡት አቶ አበጋዝ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አባትና አያት ብቻ ቆጥሮ ለሚመጣ ሰው ልጅ መስጠት ሞት መሰላቸው። የይመር እናት ከሩቅ፣ ከሌላ አውራጃ የመጣች መሆኗን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቅ ስለነበር በእሷ በኩል ሥጋት የለም፤ ጭንቁ በአባቱ በኩል ነበር። በዚህ መሃል መንጌ ወረዳ ያለ የወርቅ ነጋዴ ለእታገኝ ሽማግሌ ልኮ፣ ሊደግም ነው ተባለ። እታገኝን አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላት «እኔ ከይመር ሌላ አላገባም» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ግን ወንድሜ ከሆነም ልወቀው። አባዬ የፈራውን እኔም ፈርቻለሁ» አለች።

ይመር የመጣብን ሰኞ ልብስ ስናጥብ ነው። እጁን አጣምሮ ቆመና «ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለን።

«እኛ?» አልኩት።

«አጎት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ማንን ልላክ? እናንተ ደግሞ ደረታችሁ ላይ ተጽፏል።»

ልስቅ አልኩና ፊቱን ሳይ ተውኩት። «ይመር፣ ይሄ እኮ መጠሪያ ነው እንጂ...»

«ታዲያ ጽሑፉ ውሸት ነው?»

ፎኑአ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የገባው፤ «ውሸት» የምትለዋን ግን በደንብ ያውቃታል። «ውሸት የለም» አለ፣ ሳሙና የያዘ እጁን እያወዛወዘ። «ሽማግሌ ነው። እኛ ይሄዳል።» እኔ ሕግ አክባሪው ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ አዲስ አበባ ላለው ኃላፊያችን ደወልኩለት። ሳቁ ሽቦውን አቋርጦ መጣ። «ሽማግሌ ያልናችሁ እኛ አይደለንም እንዴ? ሂዱ። ውሸት ብቻ እንዳትጨምሩበት» አለኝ። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ሆኖ ሲሄድ ያምራል፣ ቢያንስ አንዱ መሸበት አለበት። ይመርን ይዘን ሼህ ኸሊፋን ለመንናቸው።

እሳቸው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «ይመር አክስት ነበረ። ሞተ፣ አይደለም?» አሉ።

«ሞታለች» አለ ይመር።

«እኔ መቃብር ቆፈረ። ያ ጊዜ የእናንተ ሰው ብዙ ሞተ፣ እኛ አብሮ ቆፈረ። እሱ ሲሞት አንድ ሴት ጮኸ። የአባት ስም ጠራ፣ የአያት ስም ጠራ፣ ብዙ ስም ጠራ። እኔ ይሄ ሰው ሁሉ ዛሬ ሞተ እንዴ ብዬ ፈራ።» ጣታቸውን አነሱ። «የጮኸ ሰው ፈልግ። ስም እሱ ጋ ነው። ኸላስ!»

ይመር እንደተመታ ሰው ቆመ። አልቃሿ! ወሎ ላይ፣ ሌላውም አገር ቢሆን፣ ሙሾ አውራጅ ሟቹን በዘሩ ካልጠራችው አለቀሰች አይባልም። አክስቱ የአባቱ እህት ናት፣ የእሷ ዘር የእሱ ዘር ነው። ስንጠያይቅ አልቃሿ እትዬ በለጡ የሚባሉ ባልቴት ሆነው ተገኙ፣ በሕይወት አሉ። በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። በተከታዩ ሰኞ ይመርን ይዘን በብስክሌት ሄድን። ልብስ ሳይታጠብ የዋለው ያን ሰኞ ብቻ ነው።

እትዬ በለጡ ማንጎ ሥር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። የመጣንበትን ስንነግራቸው አሰብ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አለቀስኩላት፣ አዎ። ስሙ ግን በንግግር አይመጣልኝም የኔ ልጅ። በዜማው ነው የሚመጣልኝ።» ይመር «እንግዲያው በዜማው ይበሉልኝ» አላቸው። እጃቸውን ከበቆሎው አነሱ። «ሙት በሌለበት ሙሾ? አታሟርትብኝ! ቀን ጠርቼ ሞት ላምጣብህ?» ብንለምናቸው፣ ብናስለምናቸው፣ ወይ ፍንክች። ይመር ተስፋ ቆርጦ ብስክሌቱን አነሳ። መንገድ ልንጀምር ስንል ከኋላችን ጠሩት። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ለአባትህ ተለቅሶለታል?»

ይመር ቆመ። «ማን ያለቅስለታል? መንገድ ላይ ነው የቀረው ይባላል። እናቴም እንዲያው ናት።»

«አንተስ?»

«እኔ ልጅ ነበርኩ። አላለቀስኩም።»

ባልቴቷ በቆሎውን ከጭናቸው አራግፈው ተነሱ። «ታዲያ ሙት አለን እንጂ» አሉ። ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ጎረቤት ጠሩ። ሁለት ሦስት ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ፤ ምን እንደሆነ በሹክሹክታ ሲነገራቸው እነሱም አደገደጉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሬሳ በሌለበት፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። እትዬ በለጡ ክንዳቸውን ዘርግተው ዜማውን አነሱት፦

እንድሪስ የአራጌ፣ አራጌ የሰይድ ዘር፣
ሳይለቀስልህ ነው የዋጠህ ያ አፈር።

እውነታቸውን ነበር። ስሙ በዜማው መጣ። አንዱን ሲጠሩት ሌላውን ይስበዋል። የእስላም ስም፣ የክርስቲያን ስም፣ እንደ ወሎ ወግ ተደባልቆ እስከ ሰባተኛው ደረሰ። ከዚያ እናቱን አነሱ። ይመር መጀመሪያ ቆሞ ነበር፣ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በኋላ ፊቱን ደፍቶ እንደ ትንሽ ልጅ ጮኸ። ሴቶቹ ከበቡት። ፎኑአም አለቀሰ፤ ያውም ድምፅ አውጥቶ፣ ያ ትልቅ ደረቱ እየተናጠ። በአገሩም እንደዚያው እንደሚለቀስ በኋላ ነገረኝ። እኔ ከረባቴን ይዤ ቆሜ ነበር። ስለ ትንሣኤና ስለ ቤተሰብ በቃሌ የማውቀው ብዙ ነገር ነበር፣ ያን ሁሉ አንድም ቀን ሰው እንዴት እንደሚያስፈልገው ሳላይ ነው ያስተማርኩት። ያን ቀን አየሁት። ስንመለስ ይመር ከፊት ነበር የሚጋልበው፤ እንደዚያ ቀልሎት አይቼው አላውቅም። ፎኑአ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ እስከ ከተማ ድረስ ስሞቹን በዜማ ይደጋግማል። እኔ ልጻፈው ብለው «አይሆንም» አለኝ። የአባት ስም በአፍ ነው የሚያዝ ብላዋለች አያቱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሼህ ኸሊፋ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ከፊት። እኛ በከሰል ካውያ ሁለት ጊዜ የተተኮሰ ሸሚዛችንን ለብሰን ከኋላ። አቶ አበጋዝ በር ላይ ተቀበሉን፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ወጉን ሼህ ኸሊፋ አስጠንተውናል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ደፉ ላይ ቆምን። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አበጋዝ፣ አንተ ልጅ አለህ። እኛ ልጅ አለን። ልጅህ ለልጃችን ስጥ። ኸላስ» አሉ። ከዚያ ያጠረ የሽምግልና ንግግር ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ አበጋዝ ወደ እኛ ዞሩ። ሰሌዳችንን በቀስታ አነበቡት። «ሽማግሌ» አሉ። «ሚስት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ልጅስ?»

«የለንም ጋሼ።»

«ታዲያ ስለ ትዳር ምን ታውቃላችሁ?»

ፎኑአ ነው የመለሰው። «እኛ ምንም አናውቅም። ይመር እናውቃለን።»

የአቶ አበጋዝ ከንፈር ትንሽ የላላ መሰለኝ። ወዲያው ግን ተኮሳተሩ። «እኔም አውቀዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሠርቶ ያድራል። ችግሩ እሱ አይደለም። የማን ዘር ነው? ቁጠሩልኝ።»

ፎኑአ እግሩን ገጠመ። በጉልበቱ ፈንታ ጭኑን በመዳፉ እየመታ ጀመረ። «ይመር፣ እንድሪስ፣ አራጌ፣ ሰይድ...»

«ቁም!» አቶ አበጋዝ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሰይድ አልክ? የእኔም ቅድመ አያት ሰይድ ነው። የማን ሰይድ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የሆነ ዕቃ ወደቀ፤ እታገኝ እዚያ ኖራለች። ፎኑአ ግራ ተጋብቶ አየኝ። ከመሃል መቀጠል አይችልም፣ በዜማ የተያዘ ነገር ከመሃል አይጀመርም። ስለዚህ ከራስ ጀመረ፤ ጭኑን እየመታ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን እየረገጠ። «ይመር። እንድሪስ። አራጌ። ሰይድ። ወልዴ...»

«ወልዴ?» አሉ አቶ አበጋዝ። «ሰይድ ወልዴ ነው?» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «የእኔ ሰይድ የአህመድ ልጅ ነው። አህመድ የብሩ። አይገናኝም... አይገናኝም። ቀጥል።»

ፎኑአ የሚባለው ባይገባውም ቀጠለ። «ወልዴ፣ አሊ፣ ጎበዜ፣ ሙሄ።» ጨረሰና እጁን አወረደ።

አቶ አበጋዝ የራሳቸውን እንደገና በጣታቸው ቆጠሩ፣ የእኛንም እንደገና አስቆጠሩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«እትዬ በለጡ» አልኳቸው። «ለአባቱ ሲያለቅሱለት ነው የሰማነው።»

«ለእንድሪስ ተለቀሰለት?»

«ተለቀሰለት። ለእናቱም።»

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ። እኛን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ፣ ትከሻቸው ብቻ ይታያል። የእሳቸውም ሰዎች እዚያ መንገድ ላይ ቀርተው እንደሆነ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ አቶ አበጋዝ ፊታቸውን ጠርገው ዞሩ።

«ዘመዴ እንዳይሆን ስፈራ ኖርኩ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ዘመዴ ነው። ተቀመጡ።»

ከመጋረጃው ወዲያ እልልታው ቤቱን ሞላው። ሼህ ኸሊፋ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከሁላችን ቀድመው ተቀመጡ። ፎኑአ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ አንዴ እኔን አንዴ አቶ አበጋዝን እያየ በጆሮዬ «ምን አለ?» ይለኛል። ሁሉንም ለማስረዳት አቅም ስላጣሁ ክንዱን ይዤ ወደ አግዳሚው ሳብኩት።

«ተቀመጡ አሉን» አልኩት።